የኋላው ያመልጣል፣ የፊቱ አይዞርም፦ ሞንዛ ላይ ፖርሽ ለሚነዳው የአዳማ ልጅ

ጥያቄው በአጭሩ ይኸው፦

«አዳማ ነው የምኖረው። አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔ በሚባለው የመኪና ውድድር የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ፖርሽ 992 ጂቲ3 አር የተባለውን የውድድር መኪና እነዳለሁ። ለጨዋታው የምጠቀመው መሪና ፔዳል ሎጂቴክ ጂ29 ነው። ሞንዛን፣ የጣሊያኑን የውድድር መንገድ፣ በ1፡47 (1 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ) የሚዞር ልጅ የሚነዳበትን ሴታፕ (የመኪናውን ማስተካከያ ፋይል) አውርጄ ጫንኩ። እኔ 1፡52 ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። የመጀመሪያው ቺኬን (ቀኝና ግራ የሚታጠፈው ጠባብ ኩርባ) ላይ ፍሬን ይዤ ስገባ የመኪናው ኋላ ያመልጠኛል። ሌዝሞ በሚባሉት የቀኝ ኩርባዎች ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አፍንጫው አልዞር ብሎ ወደ ውጭ ይወጣል። የጎማውን ንፋስ 27 ፒኤስአይ አድርጌዋለሁ፣ የኋላ ክንፍ ጨምሬያለሁ፣ የኋላውን ሞላ አለስልሻለሁ። ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። ምኑን ልንካ?»

ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም አትንካ።

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ሁለት ችግር ያለብህ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን አንድ ነው። እሱም ሴታፑ ውስጥ አይደለም ያለው።

እኔ ቀን ቀን እዚሁ አዳማ አላይመንት እሠራለሁ። ማታ ማታ ሲም፣ ማለትም እንዳንተ የጨዋታ መኪና፣ እነዳለሁ፣ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ሁለቱ ሥራ አንድ ነው ብልህ አትሳቅ። ሰውዬው መኪናውን ይዞ ይመጣና «መሪው ወደ ቀኝ ይጎትታል፣ አላይመንት ሥራልኝ» ይለኛል። እኔ ማሽኑ ጋ አልሄድም። መጀመሪያ የአራቱንም ጎማ ንፋስ እለካለሁ። ቀጥዬ ጎማውን በሁለት እጄ ይዤ እነቀንቀዋለሁ። ጎማውን የሚይዘው መገጣጠሚያ፣ ቦል ጆይንቱ፣ ከላላ አላይመንቱ ብር መጣል ነው፤ ዛሬ አስተካክዬ ብሰጠው ነገ ያው ነው። ካምበርና ቶ (የጎማው ዘመምታና አቅጣጫ) የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ያውም የኋላው ቀድሞ፣ የፊቱ ተከትሎ።

አንተ ንፋሱንም ቦል ጆይንቱንም ሳታይ በቀጥታ ሞላ መቀየር ውስጥ ገብተሃል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንጀምር።

ስላወረድከው ሴታፕ

ፋይሉን አላየሁትም። ምን እንደሚመስል ግን መገመት አያቅተኝም። ፈጣን ልጆች ለአንድ ጥሩ ዙር ብለው የሚሠሩት ሴታፕ ይመሳሰላል። የመኪናው የኋላ ከፍ ብሏል፣ የፊቱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። የዲፈረንሻሉ ፕሪሎድ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያስተሳስርበት ጥብቀት) ዝቅተኛ ነው። የፍሬን ባላንሱ፣ ማለትም ፍሬኑ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል የሚከፋፈልበት ልክ፣ ወደ ኋላ ተገፍቷል። ነዳጅ ስትሰጥ ጎማው በባዶ እንዳይሽከረከር የሚጠብቀው ትራክሽን ኮንትሮል ወርዷል። ነዳጁ ለሁለት ሦስት ዙር ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚሰጠው አንድ ነገር ነው፤ ቶሎ የሚዞር መኪና። ቶሎ የሚዞር መኪና ደግሞ ቶሎ ይዞርብሃል።

ልጁ እንደዚያ የሚፈልገው እግሩ ስለሚችለው ነው። የኋላው ሊሄድ ሲል ገና ሳይሄድ ይሰማዋል፣ ፍሬኑን ትንሽ ይለቅለታል፣ መኪናው ይመለሳል። ይህን በየኩርባው ሳያስበው ያደርገዋል። አንተ ፋይሉን እንጂ እግሩን አላወረድክም። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይሏል ይሄ ነው።

ስለዚህ ጨዋታው ራሱ የሚሰጥህን ዝግጁ ሴታፕ ክፈት። ለደረቅ አስፓልት ሁለት አለ። ሴፍ (የተረጋጋ) የሚለውና አግሬሲቭ (ኃይለኛ) የሚለው። ሴፍ የሚለውን ያዝ። ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ስሙ ራሱ የጀማሪ ይመስላል። ግን ከ1፡52 ወደ 1፡49 በሴፍ መውረድ ካልቻልክ በሌላውም አትወርድም። ይህን በድፍረት ነው የምልህ።

አንድ ነገር ልጨምር። በራስህ ስም ሴቭ አድርገው፣ ከዚያ በኋላም ለውጥ ባደረግክ ቁጥር በአዲስ ስም። እኔ አንድ ሌሊት ስፓ በሚባለው የቤልጂየም የውድድር መንገድ ላይ ሰባት ነገር በአንዴ ቀያየርኩ። መሃል ላይ መኪናው በጣም ጥሩ ሆኖልኝ ነበር። ከዚያ መብራት ሄደ። በማግስቱ የትኛው ጥሩ እንዳደረገው ማስታወስ አልቻልኩም፣ እስካሁንም አላውቀውም። ከዚያ ወዲህ አንዲት የተማሪ ደብተር መሪው አጠገብ አለች። አንድ ለውጥ፣ አምስት ዙር፣ አንድ መስመር ጽሑፍ።

ቦል ጆይንቱ፦ ፔዳልህ

ጂ29 ጥሩ መሪ ነው፣ አትቀይረው። ግን የፔዳሎቹን አቀማመጥ የሚያነበው ትንሽ ፖቴንሽዮሜትር ነው፤ እንደ ድሮ ሬዲዮ የድምፅ መጨመሪያ ማለት ነው። አቧራ ሲገባበት ንባቡ ይዘላል። አዳማ ደግሞ ንፋስና አቧራ ምን እንደሚመስል ላንተ አልነግርህም።

ባለፈው ዓመት ልክ እንዳንተ መኪናው ያለ ምክንያት እየተሽከረከረብኝ አንድ ሳምንት ተቸገርኩ። ሴታፑን ወቀስኩ። ጎማውን ወቀስኩ። አንድ ቀን ሪፕሌይ ሳይ፣ ፍሬኑን ለቅቄ ኩርባ መሃል ላይ እያለሁ የፍሬኑን ልክ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው አሞሌ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ጠፋ። እግሬ እዚያ አልነበረም። ፔዳሉን ፈታሁት። ውስጡ ቡናማ ዱቄት ነበር፣ ጣቴ ላይ ቀረ። በኤሌክትሪክ ኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ነፋሁት፣ ፔዳሉን ሠላሳ ጊዜ ወደ ላይ ወደ ታች አልኩት፣ አደረቅኩት። በማግስቱ መኪናው ሌላ መኪና ሆነ።

ያንተን እንዲህ ፈትሽ። መኪናውን አቁምና ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች በጣም በቀስታ ርገጥ፣ በቀስታም ልቀቅ። አሞሌው እንደ ውኃ ለስላሳ ሆኖ መውጣትና መውረድ አለበት። ከዘለለ አጽዳው። እግርህን አንስተህ አሞሌው ባዶ ካልሆነም ካሊብሬሽኑን ድገመው።

ሌላው የጂ29 ፍሬን ውስጥ ያለችው ጎማ ናት። ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርስ ድንገት ትጠነክራለች። ጠንክረህ ስትረግጣት ፔዳሉ ሴራሚኩ ላይ ተንሸራቶ ይሄዳል፣ ወንበርህ ባለ ጎማ ከሆነ ደግሞ አንተ ወደ ኋላ ትሄዳለህ። የሚሸሽ ፔዳል ላይ ፍሬን መለማመድ አይቻልም። ከፔዳሉ ኋላ ጣውላ አድርገህ ከግድግዳው ጋር አስደግፈው። ወንበሩን ገመድ እሰርበት፣ ወይ የፕላስቲክ ወንበር አምጣ። ያምራል አላልኩም፣ ይሠራል ግን።

የመሪውን ንዝረት በተመለከተ ብዙ አልልም። ጌይኑን (የንዝረቱን ጉልበት) መቶ ላይ ካደረግከው ከባድ ኩርባ ላይ የመሪው ጉልበት መጨረሻው ላይ ደርሶ ይቆምና ልዩነት አይነግርህም። 70 እና 80 መካከል አድርገው። የምስሉ ፍጥነት በሰከንድ ከ60 ፍሬም (ምስል) በታች የሚወርድብህ ከሆነ ደግሞ ከጨዋታው የምስል ማስተካከያ ጥላውንና መስታወቱን ቀንስ። ምስሉ ከቆየ እጅህም ይቆያል።

ንፋሱ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም 27 ያልከው ነገር አላስተኛኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ቀትር ላይ አንድ ቪትዝ መጣ። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ነው የመጣው፣ 85 ኪሎ ሜትር ሙሉ ሳያቆም፣ አስፓልቱም በፀሐይ ግሏል። ጎማው ላይ እጅ ማሳረፍ አይቻልም። ሰውዬው ራሱ ሲለካው 37 ሆኖበታል። «32 ነበር የሞላሁት፣ ይሄ ሊፈነዳ ነው፣ አስተንፍስልኝ» አለኝ። እምቢ አልኩት። ተበሳጭቶ ሌላ ቦታ ሄዶ ወደ 32 አስወረደው። በማግስቱ ጠዋት ጎማው ሲቀዘቅዝ 27 ሆኖ ተመልሶ መጣ። እንደዚያ አድርጎ በፈጣን መንገዱ ቢመለስ ኖሮ የጎማው ጎን ይተጣጠፋል፣ ከልክ በላይ ይሞቃል፣ ያኔ ነው በእውነት የሚፈነዳው። ሰውዬው የቀዝቃዛ ጎማን ቁጥር ከትኩስ ጎማ ቁጥር ጋር ቀላቀለው።

አንተም ያደረግከው ይህንኑ ነው፣ በግልባጩ። ጨዋታው በ2023 በስሪት 1.9 ጎማዎቹን ሲቀይር፣ ለጂቲ3፣ ፖርሽህ ለሚመደብበት የውድድር መኪና ክፍል፣ በደረቅ አስፓልት ጥሩው ንፋስ ከ26 እስከ 27 ፒኤስአይ ሆነ። ይህን ሰምተህ ይሆናል 27 ያደረግከው። ግን ያ ቁጥር ጎማው ሞቆ፣ ሦስተኛ አራተኛ ዙር ላይ ስትሆን ማየት ያለብህ ቁጥር ነው። ከመውጣትህ በፊት ጨዋታው ጋራዥ ውስጥ የምትሞላው አይደለም። ጋራዥ ውስጥ 27 ብለህ ከወጣህ መንገድ ላይ ከ27 በደንብ ያልፋል። ያኔ ጎማው እንደ ኳስ ይወጠራል፣ አስፓልቱን የሚነካው ክፍል ያንሳል፣ ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ደግሞ የበለጠ ይሞቃል። የኋላው ያመልጣል። የፊቱም አይይዝም። ሁለቱ ቅሬታዎችህ ግማሽ ምክንያታቸው እዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዝቅ አድርገህ ሞልተህ ውጣ። አራት ዙር በወጉ ንዳ፣ ሳትንሸራተት። ቀጥተኛው መንገድ ላይ ሆነህ የአራቱን ጎማ ቁጥር አንብብ። 27.6 ካየህ ጋራዥ ተመለስና ያንን ጎማ አንድ ፒኤስአይ አውርደው። 25.8 ካየህ ሰባት ስምንት ጊዜ ክሊክ አድርገህ ጨምርለት፤ አንድ ክሊክ 0.1 ነው። የኔ ምርጫ አራቱም 26.5 አካባቢ ነው።

ልብ በል፣ አራቱ ጎማ አንድ ዓይነት ቁጥር አይሞላም። ሞንዛ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚዞረው። ረጃጅሞቹ ኩርባዎች፣ ኩርቫ ግራንዴ፣ ሁለቱ ሌዝሞ፣ ፓራቦሊካ፣ ሁሉም የቀኝ ናቸው። ሸክሙ የግራ ጎማዎች ላይ ያርፋል፣ የበለጠ ይሞቃሉ። ስለዚህ ግራዎቹ ከቀኞቹ ትንሽ ዝቅ ብለው ይሞላሉ፣ ትኩስ ሲሆኑ እኩል ይሆናሉ። ፓራቦሊካ በ2021 አልቦሬቶ ተብሎ ስሙ ተቀይሯል፣ ግን እስካሁን እንደዚያ ብሎ የሚጠራው ሰው አላጋጠመኝም።

አየሩም ይቆጠራል። ያወረድከው ሴታፕ የተሠራው አየሩ 22 ዲግሪ ሆኖ ሊሆን ይችላል። አንተ የገባህበት ውድድር 30 ከሆነ ቁጥሩ ሁሉ ከፍ ይላል። በአንድ ዲግሪ 0.1 ያህል ብለህ አስላው፣ ብዙም አትሳሳትም። የሰው ሴታፕ ጠዋት ሠርቶ ማታ የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

እግርህ

ጋሪ ነድተህ ባታውቅ አይተህ ታውቃለህ። ባለ ጋሪው ጆንያውን ወደ ኋላ ከደረደረው ፈረሱ ግራና ቀኝ ያሉት እንጨቶች ወደ ላይ ይነሳሉ፣ ፈረሱ መሬቱን መቆንጠጥ ያቅተዋል። ወደ ፊት ካበዛው ሸክሙ ፈረሱ ላይ ይወድቃል። የቆየ ባለ ጋሪ ቁልቁለት ሲመጣ እሱ ራሱ ሸርተት ብሎ ወደ ኋላ ይቀመጣል። ማንም አላስተማረውም፣ ክብደት የት እንዳለ በመቀመጫው ያውቃል።

ፖርሽ ከኋላ የተጫነ ጋሪ ነው። 4.2 ሊትሩ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር የተንጠለጠለው ከኋላ ጎማዎቹም ኋላ ነው። ፊቱ ቀላል ነው። የነዳጅ ታንከሩ ፊት ላይ ስለሆነ ነዳጁ ሲያልቅ ደግሞ የበለጠ ይቀላል። እንዲህ ያለ መኪና አፍንጫው የሚይዘው ፍሬን ስትይዝ ሸክሙ ወደ ፊት ሲመጣ ነው። ስትለቀው ሸክሙ ይመለሳል፣ አፍንጫው ብድግ ይላል። ስለዚህ ፖርሽን የምታዞረው በመሪው ብቻ አይደለም። በፍሬን አለቃቀቅህ ነው።

አሁን ወደ ቺኬኑ እንሂድ። በ6ኛ ማርሽ፣ በሰዓት ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ እየሄድክ ትመጣለህ። ትዘገያለህ፣ ትደነግጣለህ፣ ፍሬኑን ጠንክረህ ትይዛለህ። ገና ጠንክረህ እንደያዝክ መሪውን ወደ ቀኝ ታዞራለህ። ሸክሙ ሁሉ ፊት ላይ ነው፣ የኋላ ጎማዎቹ ባዶ ናቸው። ይሄዳል። ይገባኛል፣ እኔም ሄጃለሁ።

ከዚያ ሌዝሞ ይመጣል። ቺኬኑ ላይ ስለተቀጣህ ፈርተሃል። ሳትዞር በፊት ፍሬኑን እንዳለ ጥለህ ትለቃለህ። አፍንጫው ይነሳል። ከዚያ መሪውን ታዞራለህ። ፊት ላይ ሸክም የለም፣ ጎማው ምን ይዞ ይዙር? ቀጥ ብሎ ይወጣል። ትበሳጭና መሪውን ትጨምራለህ፣ የባሰ ይፍቃል እንጂ አይዞርም።

አየህ? አንዱ ቦታ ፍሬኑን ዘግይተህ ለቀቅክ፣ ሌላው ቦታ ቸኩለህ ለቀቅክ። እግሩ አንድ ነው።

መድኃኒቱ ይኸው። የጎማ አቅም እንደ አንድ እንጀራ ነው። ፍሬኑ ሙሉውን ከበላ ለመሪው አይተርፍም። መሪው እየጨመረ ሲሄድ ፍሬኑ እየቀነሰ ይሄዳል። በአንዴ አይደለም፣ እንደ ሚዛን፣ አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲወርድ።

ነጻ ልምምድ ክፈት፣ ብቻህን። ለጊዜው 150 የሚለው ሰሌዳ (ለኩርባው 150 ሜትር ቀረ የሚለው) ጋ ስትደርስ ያዝ። መጀመሪያው ላይ ጠንካራ፣ 90 ከመቶ ገደማ። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ አየሩ ወደ መሬት ስለሚጫነው ያን ያህል ፍሬን ይችላል። ፍጥነቱ ሲወርድ ግን የአየሩ ጫና ይቀንሳል፣ ስለዚህ መሪውን ገና ሳትነካ ፍሬኑን መቀነስ መጀመር አለብህ። ብዙ ሰው የሚስተው ይህችን ነው። ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ኤቢኤስ ሲሠራ አሞሌው ቀለም ይቀይራል። መጀመሪያ ላይ ለቅጽበት ቢቀይር ችግር የለም። እስከ ኩርባው ድረስ ቀለሙ ካልተመለሰ ከልክ በላይ ይዘሃል ማለት ነው።

ማርሹንም አትቸኩልበት። ከ6 ወደ 2 ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ አድርገህ በአንዴ ካወረድከው የሞተሩ መያዝ የኋላ ጎማዎቹ ላይ ብቻ ይመጣል። በዚያ ሰዓት ደግሞ እነሱ ባዶ ናቸው። የሞተሩን ድምፅ ስማ፣ ሲወርድ ጠብቅ፣ አንድ አውርድ።

መሪውን ማዞር ስትጀምር በሆድህ ቁጠር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንድ ስትል 40 ከመቶ፣ ሁለት ስትል 20፣ ሦስት ስትል ምንም፣ አፍንጫህም ኩርባው ውስጠኛ ጫፍ ጋ ደርሷል። ቁጥሮቹን እንደ ሕግ አትያዛቸው፤ ቅርጹን ያዝ። ሌዝሞ ላይ ያው ነው፣ ግን ሁሉም ነገር ለስለስ ይላል። እዚያ ላይ ፍሬኑን ጥለህ ከመልቀቅ ይልቅ 10 ከመቶ የምትሆን ነገር እስከ ኩርባው ድረስ ይዘህ ግባ። አፍንጫው ሲዞርልህ ራስህ ትገረማለህ።

ይህን አንድ ምሽት ቺኬኑ ላይ ብቻ፣ ሌላ ምሽት ሌዝሞ ላይ ብቻ። ሰዓትህን አትመልከት። ከዚያ አምስት ዙር በተከታታይ ንዳ። የአምስቱ ልዩነት ከግማሽ ሰከንድ ከበለጠ ሴታፕ የመንካት ጊዜህ አልደረሰም። ምክንያቱም አንድ ነገር ቀይረህ ሦስት አሥረኛ ሰከንድ ብትሻሻል ከሴታፑ ይሁን ከእግርህ መለየት አትችልም።

ከዚያ በኋላ የሚነካው

ያደረግካቸው ሁለት ለውጦች ለምን እንዳባሱት ልንገርህ።

ክንፍ ጨመርክ። ቺኬኑን የምትዞረው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ80 ክንፍ ምን ይሠራል? ምንም ማለት ይቻላል። ሌዝሞ ላይ ግን ፈጣን ስለሆነ ይሠራል፣ የኋላውን ወደ መሬት ይጫነዋል። የኋላው ሲጫን የፊቱ ይቀላል። አልዞር ያለህ አፍንጫ የባሰ አልዞር አለ። ቀጥታው ላይ ደግሞ ፍጥነት ቀነሰብህ፤ ሞንዛ ማለት ደግሞ ቀጥታ ነው።

የኋላ ሞላ አለሰለስክ። ለስላሳ ሞላ ፍሬን ስትይዝ የኋላው የበለጠ ብድግ እንዲል ይፈቅድለታል። ብድግ ሲል መኪናው ወደ አፍንጫው ያዘነብላል፣ የኋላው አይረጋጋም። ቺኬኑ ላይ የሆነው ይሄ ነው። ኩርባ መሃል ላይ ደግሞ ለስላሳ የኋላ ሞላ የኋላውን መያዝ ይጨምርለታል፣ ሚዛኑ ወደ አለመዞር ያደላል። ሌዝሞ። በአንድ እጅህ ሁለቱንም አባስካቸው። ሁለቱንም ወደ ነበሩበት መልስ።

አሁን እግርህ ተስተካክሎ፣ ንፋሱ 26.5 ሆኖ፣ ያኔም ቺኬኑ ላይ የኋላው ትንሽ ቀለል ካለህ፣ መጀመሪያ የፍሬን ባላንሱን አንድ ከመቶ ወደ ፊት ግፋው። ይህን መሪው ላይ ባለ ቁልፍ እየነዳህ መቀየር ትችላለህ፣ ስለዚህ ቶሎ ታየዋለህ። አፍንጫው ፍሬን ላይ መያዝ ካቆመ አልፈሃል፣ ግማሹን መልስ።

ካልበቃ ፕሪሎዱን ከፍ አድርገው። ፕሪሎድ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ምን ያህል አጥብቆ እንደሚያስተሳስራቸው ነው። ሲጨምር የነዳጅ ፔዳሉን ለቀህ ስትገባ መኪናው ይረጋጋል። ዋጋው ደግሞ ኩርባ መሃል ላይ ትንሽ ግትር ይሆናል። ለጀማሪ ፖርሽ ላይ ይህን ዋጋ መክፈል ያዋጣል እላለሁ። ብዙ ፈጣን ሰው በዚህ አይስማማኝም፣ እነሱ ግን አይሽከረከሩም።

ሌዝሞ ላይ አፍንጫው እንቢ ካለህ ደግሞ የፊቱን ባር (መኪናው ወደ ጎን እንዳያጋድል የሚይዘውን ብረት) አንድ ደረጃ አለስልሰው። የኋላውን ባር ማጠንከርም ያንኑ ይሰጥሃል፣ ግን ቺኬኑ መውጫ ላይ ነዳጅ ስትሰጥ ያስከፍልሃል። ለዚህ ነው የፊቱን የምመርጠው። የኋላውን ከፍታ ሁለት ሚሊሜትር መጨመርም ፈጣን ኩርባ ላይ አፍንጫውን ያነቃዋል። ፍሬን ላይ ያለውን መረጋጋት ግን ይወስድብሃል፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ አድርገው።

ትራክሽን ኮንትሮልና ኤቢኤስ ላይ ሰው ይኮራል፣ ዝቅ ማድረግ የወንድነት ይመስለዋል። የእውነተኛው ጂቲ3 መኪና ኤቢኤስም ትራክሽን ኮንትሮልም አለው፣ ፕሮፌሽናሎቹም ይጠቀሙበታል። ሴፍ ላይ ባለበት ተወው። ከቺኬኑ ስትወጣ ሞተሩ እየታፈነ መኪናው አልሄድ ካለህ ያኔ አንድ አውርድ።

ካምበርና ቶ ሥራዬ ቢሆንም እንዳሉ ተዋቸው። ዳምፐር (ሾክ አብዞርበር)? ዳምፐሩን አትክፈተው። እውነቴን ነው። ያ ገጽ ላይ የጠፋ ሰው ብዙ አውቃለሁ፣ ለጊዜው ያንተ ችግር እዚያ የለም።

ነዳጁን ግን አስተካክል። በ20 ሊትር ተለማምደህ ውድድሩን በ70 ከጀመርክ ልዩነቱ ወደ 37 ኪሎ ነው፤ አንድ ሊትር ቤንዚን 750 ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህ ክብደት ፊት ላይ ነው የሚቀመጠው። መኪናው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ዘግይቶ ይቆማል፣ የፊት ጎማዎቹም ቶሎ ይሞቃሉ። ስለዚህ ከውድድር በፊት አንድ ምሽት ሙሉውን ነዳጅ ሞልተህ ንዳ፣ ንፋሱንም በዚያ ልክ አስተካክል። 150 ሰሌዳው ጋ የነበረው የፍሬን ቦታህም ትንሽ ወደዚህ ይቀርባል።

ሁለት ሳምንት ስጠው። ከዚያ ሦስት ነገር ጽፈህ ላክልኝ፦ አራተኛው ዙር ላይ የአራቱ ጎማ ንፋስ፣ የዚያን ቀን የአየሩ ዲግሪ፣ እና የአምስት ተከታታይ ዙር ሰዓት። ከተቻለ ቺኬኑ ላይ የፍሬን አሞሌው የሚታይበት ሪፕሌይ። ሴታፑን አትላክልኝ፣ እሱን በኋላ እናየዋለን። ፔዳሉን ፈተህ አቧራ ካገኘህበትም ንገረኝ፣ ማጽጃው ጋራዤ ውስጥ ግማሽ ቆርቆሮ ተርፎኛል።